ስንዴ ለምኔ

ደሴ፣ ኅዳር መጨረሻ፣ ቅዳሜ ማታ

ሐኪሙ የከለከሉን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ይህን ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊታችን ካሉት እማማ ቤት የሆነው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ታናሿ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል ሆዷ ከበሮ፣ እግሯ እንጨት ሆነ። እኩዮቿ ጫማ እየጠበባቸው ሲቀይሩ የእርሷ ጫማ ዓመቱን ሙሉ ልኳ ነበር። ተቅማጡ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መጀመሪያ የሆድ ትል ተባለ፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ጃርዲያ፤ በሄድንበት ሁሉ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ይዘን እንመለሳለን። ደም ማነሷን የሰማ ሁሉ ደግሞ «ቀይ ሥር አብያት» ይለኛል። ልጅቱ ቀይ ሥር ስታይ እስክታለቅስ ድረስ አበላኋት።

በመጨረሻ አንድ የሕፃናት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዙ። ከማዘዛቸው በፊት ግን አስጠነቀቁኝ፤ ምርመራው እስኪያልቅ ዳቦ እንዳላስቀርባት፣ ካስቀረሁ ውጤቱ ሊያሳስት እንደሚችል። ከዚያ ከትንሹ አንጀቷ ናሙና ተወሰደና የበሽታው ስም ተነገረን፤ ሴሊያክ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር ሲገባ የሰውነቷ መከላከያ በገዛ አንጀቷ ላይ ይዘምታል፣ የአንጀቷ የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፣ የበላችው ሳይጠቅማት ያልፋል። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ አለመብላት ነው። ፍርፋሪም ቢሆን አይፈቀድም።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም። የጤፍ አገር ሰው ነና! ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ማሽላም በቆሎም ሩዝም የላቸውም፣ ሽምብራና ምስርም እንደዚያው። የሌላ አገር እናት በውድ ዋጋ ፈልጋ የምታገኘው ምግብ የእኔ ማጀት ውስጥ ተቀምጧል ብዬ አሰብኩ። ዳቦ ማስቀረት ምን ያቅታል?

መጀመሪያ ያቃተኝ ወፍጮ ቤት ነው። ጤፌን ለቅሜ፣ ነፍቼ ይዤ ሄድኩ። ከፊቴ የነበረችው ሴት ስንዴ አስፈጭታ ስትወጣ የእኔ ጤፍ በዚያው ወፍጮ ገባ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ዱቄት ነጣ ያለ ነበር። ቆሜ አየሁት። ለወፍጮው ባለቤት ነገሩን ባስረዳቸው፣ «ልጄ፣ ወፍጮ እንደ ሰው አፉን አይጉመጠመጥም» አሉኝ። ቆይተው ግን መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው፤ በማለዳ ከሁሉ ቀድሜ እመጣለሁ፣ ሁለት ኪሎ ርካሽ ማሽላ አስቀድመን እናስፈጫለን፣ እርሱ ወፍጮውን ጠርጎ ይወጣል፣ ለዶሮ ይሆናል። ከዚያ የልጅቷ ጤፍ ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ዶሮዎች በእኛ ወጪ ወፍረዋል።

ሁለተኛው እርሾ ነው። ይህን የነገረኝ ሐኪም የለም፤ ሌሊት ተኝቼ ድንገት ነው የመጣልኝ። እርሾ ሲያልቅብኝ ከጎረቤት እበደራለሁ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ጤፍ ሲወደድ ገብስ ትቀይጣለች፤ እኔም ስቀይጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የእኔ ንጹሕ ጤፍ በሰው ገብስ እየቦካ ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ ቡሃቃውን ሁሉ ፈትጌ አጠብኩና ከባዶ ጀመርኩ፤ ጤፍና ውሃ ብቻ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮምቦልቻ ቢሆን በሦስት ቀን የሚነሣው እርሾ እኛ ቤት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንኳ ሳምንት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ያን ሳምንት እንደ አራስ ነበር የምጠብቀው።

ምጣዱም ተለየ። አምባሻ ሲጋገርበት የኖረው ለእኅቴ ተሰጠ። በሶው፣ የገብስ ገንፎው፣ ቂንጬው፣ የስንዴ ንፍሮው ሁሉ ከቤት ወጣ። በንፍሮው ፈንታ ሽምብራና ማሽላ እቀቅላለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ እንፋሎቱ ይንቦገቦጋል እንጂ ሽምብራው ቶሎ አይበስልም። ባለቤቴ ሥራው ኮምቦልቻ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል። ከሰሉ ሲያልቅብኝ ባየ ቁጥር «ድስቱን ስጪኝና ኮምቦልቻ ቀቅዬው ልምጣ» ይላል። ቀልዱ የሚያናድደኝ ትክክል ስለሆነ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ተገቢ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው።

ልጅቱ በሦስት ወር ውስጥ ጉንጭ አወጣች። ተቅማጡ ቆመ። ያን ሳይ አንድ ነገር መከልከል ይህን ያህል ከጠቀመ አሥር ነገር ብከለክልስ ብዬ አሰብኩ። ስኳር አስቀረሁ። የፋብሪካ ዘይት አስቀረሁ። ወተትም ያለ ማንም ትእዛዝ አስቀረሁ። ከዚያ ዓይኔ ከማጀት ወጥቶ መታጠቢያ ክፍል ገባ፤ ሳሙናው፣ ሻምፖው፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ቅባቱ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማላውቀውን ስም ሁሉ ጠላት አደረግሁት።

የመጀመሪያውን ሳሙና ታሪክ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ከሥጋ ቤት ሞራ ገዝቼ አቅልጬ አጠለልኩ። ውሃ በኮስቲክ ሶዳ ላይ እንደማይፈስ፣ ሶዳው ነው ወደ ውሃው ቀስ እየተባለ የሚጨመረው የሚለውን አውቅ ነበር። ያላሰብኩት ዕቃውን ነው። የአሉሚኒየም ድስት ነበር። ሶዳው ሲገባ ድስቱ ተንጨረጨረ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ጠቆረ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ተነሣ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እንደሚበላና ሲበላውም ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ እንደሚያወጣ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ደግሞ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን አንጠልጥሎ በረንዳ ላይ ቆመና፣ «ከዳቦ ያዳንሻትን ልጅ በሳሙና ልትጨርሻት ነው?» አለኝ።

ለአንድ ወር ያህል አኩርፌ ተውኩት። ከዚያ የማይዝግ ብረት ድስት፣ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን፣ ጓንትና መነጽር ገዛሁ። ለ500 ግራም የከብት ሞራ 67 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፤ ይህ በዓይን የሚገመት ነገር አይደለም፣ ሲበዛ ቆዳ ይልጣል፣ ሲያንስ ቅባቱ አይያያዝም። ተቆርጦም ስድስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይደርቃል። ሁለተኛው ሳሙና ጥሩ ሆነ። አሁንም እርሱን ነው የምንጠቀመው፤ ክረምት ላይ በተለይ እጄን አያደርቀውም። ሽታው ግን እውነቱን ለመናገር ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ይላል።

ሻምፖው ግን አልሆነልኝም። እንዶድ የሴት አያቶቻችን የነጠላ ማጠቢያ ነው ብዬ ፍሬውን ወቅጬ የልጆቹን ራስ አጠብኩበት። ሁለቱም ዓይናቸውን ይዘው ጮኹ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የብልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ በዚያ ግኝት ስንኮራ ነው ያደግነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር የልጅ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ለማሰብ አልቆምኩም። የተልባ ልጥልጡ ይሻላል፤ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ግን አያጸዳም። ለባለቤቴ ብብት ከቤኪንግ ሶዳ የቀመምኩት ዱቄት ደሴ ላይ ደህና ነበር። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ግን ላብና ሶዳ ተገናኝተው ብብቱ ቀላ፣ ተላጠ፤ አንድ ሳምንት ክንዱን ዘርግቶ እንደ አሞራ ተራመደ። በጨውና በከሰል የሠራሁት የጥርስ ሳሙና የትልቁን ልጅ ሁለት ጥርስ ቦርቡሮ ተገኘ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን የጥርስ ሐኪሟ ፍሎራይድ የሌለው ነገር ጥርስን ከመቦርቦር እንደማይጠብቅ ሲነግሩኝ ሁለቱም ጥርሶች ፊቴ ነበሩ። ከሱቅ የምንገዛው የጥርስ ሳሙና ተመለሰ። ከንፈር ለሚሰነጥቀው የደሴ ነፋስ ከሰምና ከሰሊጥ ዘይት የምሠራው ቅባት ግን አለ፣ ማንም ሊያስቀርብኝ አይችልም።

ለክትትል ስንሄድ ይህን ሁሉ በኩራት ለሐኪሙ ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ቆዳዋ እኮ ስንዴ አይበላም» አሉ። ወደ አፍ የሚገባውን ብቻ እንድጠብቅ፣ ወተቱንም እንድመልስላት ነገሩኝ። ከቢሮአቸው ስወጣ ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት በእርሳቸው አልነበረም።

ትልቁ ልጄን ደግሞ ረስቼው ነበር። እርሱ ጤነኛ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን የዩኒፎርሙን ኪስ ስገለብጥ የብስኩት ፍርፋሪ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የከረሜላ ወረቀት ወጣ። ሌባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጠርቼው «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው፣ «እማዬ፣ ብነግርሽ ኪስም ትከለክያለሽ ብዬ ነው» አለኝ። አሁን ዳቦውን በረንዳ ላይ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይገባል። እኅቱም ታውቃለች፤ በመስኮት ታየዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣ ነበር፤ አሁን ቁጣው አልፎ «ከንፈርህን ጥረግ» ትለዋለች።

አማቴ ከቃሉ ወረዳ ሲመጡ ማሽላ ይዘው ይመጣሉ። የቆላ ገበሬ ለማሽላ ያወጣለትን ስም ከእርሳቸው ነው የሰማሁት፤ ወተት በጉንጬ፣ ደግሞም ስንዴ ለምኔ። የመጨረሻውን ሲነግሯት ልጄ ሳቀች፤ ስሟ ይመስል ደጋግማ አለችው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ዳቦ ሲያቀርቡላት የምትመልሰው ይህን ነው አሉ። እኔ መቶ ጊዜ ያስረዳኋት የአንጀት ታሪክ ያልሠራውን አንድ የማሽላ ስም ሠራው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ፊት ለፊታችን ያሉት እማማ በመጀመሪያው ዓመት አዝነውብኝ ነበር። ለልጅቱ የቆረሱላትን ድፎ ከእጇ ስቀማት አይተው፣ «እህል በሽታ ሲባል ከአንቺ ሰማሁ» አሉኝ። በእኛ አገር የሰውን እህል መግፋት ሰውየውን መግፋት ነው፤ እርሳቸውም አልተሳሳቱም። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጠሩኝ ልጅቱን ቤት ትቼ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ለእርሷ ብዬ ነው እል ነበር። ለማን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

ዛሬ ግን ስሟን ጠርተው አስጠሯት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ አቦል ወርዷል፣ ለሰው ሁሉ የገብስ ቆሎ ቀርቧል፤ ለእርሷ ብቻ በትንሽ ሳህን፣ ክዳን ተደርጎበት፣ የሽምብራ ቆሎ። ክዳኑን ሲከፍቱት ፊታቸው ያበራ ነበር። ልጄ ሳህኑን አየችና፣ «እማማ፣ በምን ምጣድ ነው የቆሉት?» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ቤቱ ጭጭ አለ። እማማ ጥቂት ቆይተው፣ «በዚያው በገብሱ ነው ልጄ፤ ግን አጥቤዋለሁ» አሉ። እኔ አፌን ከፍቻለሁ፤ ምን እንደምል ግን አላውቅም፤ ምናልባትም «ግድ የለም፣ ለዛሬ ብይ» ልል ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «ግን እዚሁ ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እማማ ቦታ ለቀቁላት፤ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጧትና፣ «ነይ፣ ሲኒ አዳይ እፈልግ ነበር» አሏት። ቶናውንም በረካውንም እርሷ አደለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። እኔ ሁለት ዓመት ቤት ዘግቼባት የነበረችው ልጅ።

ስንወጣ እማማ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ሰኞ ገበያ ስትወርጂ አንድ ትንሽ የሸክላ ምጣድ ግዢልኝ፤ ለእርሷ ብቻ የሚሆን። ሲሟሽስ በምን ይሟሽ፤ ያም ይከለከላል እንዴ?»

የጎመን ዘር አይከለከልም አልኳቸው።