ክዳኑ የማይከፈተው ምድጃ

ዛሬ የዋልኩት ኮምፒውተር ፊት ነው፤ ልቤ ግን ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል ምድጃ ውስጥ ነበር።

የምንሠራው ሲሊከንና ካርቦን የተዋሃዱበት ሲሊከን ካርባይድ የሚባል ቁስ ላይ ነው። በብዙ ኤሌክትሪክ መኪናዎች የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ በሚስማማ መልክ የሚቀይሩት ቺፖች ከእሱ ነው የሚሠሩት። ዱቄቱ በተዘጋ የግራፋይት ዕቃ ውስጥ ይግላል። ሳይቀልጥ ጋዝ ይሆናል። ከዚያ ከላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለው የዘር ክሪስታል (ዕድገቱ የሚጀምርበት ትንሽ ክሪስታል) ላይ እያረፈ ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ውስጡን በዓይን ማየት አይቻልም። ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው ይገባዋል፤ ክዳኑ ሳይነሳ ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ሲሙሌሽን፣ ማለትም ምድጃውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሙቀቱንና የጋዙን ፍሰት በፊዚክስ ሕግ ያሰላልናል። ግን አንዱ ስሌት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ጥሩ መላ አሳተሙ፦ የሲሙሌሽን ውጤቶችን ለኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌዎች ለሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ማስተማር። ከተማረ በኋላ ውጤቱን በቅጽበት ይገምታል። እነሱ የሠሩት ከፈሳሽ ውስጥ በሚያድግ ክሪስታል ላይ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሆናል።

ዛሬ የእኛን ኔትወርክ ግምት ከሲሙሌሽኑ ጋር አመሳከርኩት። በክሪስታሉ መሀል ላይ ግጥም አለ! በጣም ደስ አለኝ። ጠርዙ ላይ ግን ገና ነው። ጠርዙ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሙቀቱ እዚያ ካልተስተካከለ ክሪስታሉ ውስጥ ውጥረት ይፈጠራል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ለዚህ ነው ፊዚክሱን ትቶ ማሽን ለርኒንግን፣ ማለትም ከምሳሌ የተማረውን ኔትወርክ፣ ብቻ ማመን የማልወደው። ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

ማታ ለጠርዙ አዳዲስ ስሌቶች አስጀምሬ ወጣሁ። ውጤቱን ለማየት ቸኩያለሁ።