ራቅ አድርጎ ማየት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ምክንያቱ ይሄ ነው የምለው ነገር የለም። እንዲህ ሲያደርገኝ ካሜራ ይዤ እንደምወጣ ታውቃላችሁ። ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳውን ማክሮ ሌንሱን ገጥሜ ቅጠል ላይ ያረፈች ዝንብ ፊት ተንበረከክኩ።

ሌንሱም እንደ ልቤ ሆነ። ዝዝዝ እያለ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፣ ፎከስ ያዘ ስል ያልፈዋል። ብዙ ሰው ሌንሴ ተበላሸ ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብልሽት አይደለም። ማክሮ ሌንስ ከአፍንጫው ሥር ካለው ነገር ጀምሮ እስከ ሩቅ ተራራ ድረስ የሚፈልገው ብዙ ነው። ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ የርቀት መገደቢያ አላቸው፤ እሷን ለቅርብ ብቻ ስታደርጓት ፍለጋው ያጥራል። ሌንሱ ከሚችለው በላይ ተጠግታችሁ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ቅርበት ብርሃንም ይበላል። ኤፍ የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የሚገባው ብርሃን ያንሳል። አንድን ነገር በራሱ ልክ፣ አንድ ለአንድ ስናነሳ፣ ኤፍ 2.8 የሚለው ሌንስ የሚሰጠን የኤፍ 5.6 ያህል ብርሃን ነው። ጥላ ውስጥ አውቶፎከሱ፣ ማለትም ካሜራው በራሱ ፎከስ የሚይዝበት፣ ቢደናበር አይፈረድበትም።

ስለዚህ አጠፋሁት። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በእጄ አንድ ለአንድ ላይ አቆምኩና ራሴ ወደ ፊት ወደ ኋላ ማለት ጀመርኩ፤ ለቅርብ ነገር ከዚህ የሚሻል ዘዴ አላውቅም። በዚህ ርቀት ፉል ፍሬም በሚባለው፣ ምስል መቀበያው የድሮ ፊልም ያህል በሆነው ካሜራ ላይ፣ በኤፍ 8 እንኳ፣ ጥርት የሚለው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መተንፈስ ብቻውን ያበላሸዋል። ዝንቧ የፊት እግሮቿን ታፋትጋለች። ግንባሯ ላይ ያሉት ጥቁር ፀጉሮች አንድ በአንድ ተለይተው ሲታዩ ክንፏ ጠፋ። ክንፏን ስፈልግ ዓይኗ ሄደ። ቁልፉን ተጫንኩ።

የያዝኩትን ለማየት ስክሪኑን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። ብዥ አለ። እጄን ዘርግቼ ራቅ ሳደርገው ጠራ። ፎቶው ደህና ነው። የራቀው የእኔ ዓይን ነው።

ዓይናችን ውስጥም ሌንስ አለ። ቅርብ ለማየት ወፈር ይላል። በዕድሜ እየደደረ ሲሄድ መወፈሩን እንቢ ይላል፤ ሰው 40 ዓመት ሲያልፈው ይሄ ይጀምረዋል። ሕፃን ግን እጁ ላይ ያለውን ነገር አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያየዋል።

አባዬ ደብዳቤ ሲያነብ እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ነበር። ይሄን ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ ዛሬ ትዝ ያለኝ ግን ሌላ ነው። ከውጭ ስንገባ ትከሻችንን ይዞ ገፋ ያደርገን ነበር፤ ፊታችንን አተኩሮ ያየናል፣ ከዚያ ያቅፈናል። የእኔዋ ልጅ የተወለደች ጊዜም በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ ከፊቱ አርቆ ነበር የያዛት። እማዬ «እቀፋት እንጂ፣ ዕቃ አደረግካት እኮ!» አለችው። ቤቱ ሁሉ ቁጥብ ሰው ነው ይለው ነበር። ፍቅሩን በርቀት የሚሰጥ፣ ልጅ ማሞላቀቅ የማይወድ። እኔም ይሄንኑ አምኜ አደግኩ።

እዚያው እንደተንበረከክኩ ቀረሁ። ሰውየው ፊታችንን ለማየት ይሆን እንዴ የሚያርቀን? አጠገቡ ስንሆን ብዥ ብለንበት? መነፅር ካደረገ በኋላም ለማንበብ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ልጁን ለማየት መነፅር የሚፈልግ ማን አለ? አሁን አልጠይቀው ነገር።

እትዬ፣ ይሄን ካነበብሽ፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፣ አባዬ ገና ወጣት እያለ ታውቂዋለሽ። ደብዳቤውን አስጠግቶ በሚያነብበት በዚያ ጊዜም ትከሻሽን ይዞ ገፋ ያደርግሽ ነበር?