ቴስተሩ ያሳጣኝ ቀን

ሥራዬ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ማቀናበር ነው። ከመጀመሪያው ልናዘዝና፣ ቲዩብ አምፕሊፋየሩን (በሚበሩ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራውን ድምፅ ማጉያ) ለሥራ ክፍላችን ያስገዛሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ "የቱ ይሻለናል?" ሲለኝ ያ ብርቱካናማ ብርሃኑ ልቤን ሰርቆት ስለነበር ሁለቴ አላሰብኩም። ባለ 300ቢ ቲዩብ ነው፣ ጉልበቱ 8 ዋት ገደማ። ድምፁ? ማር! ዘፋኙ ፊትህ የቆመ ይመስልሃል።

ከዚያ ደንበኞች መመለስ ጀመሩ። "ሥራው ቆንጆ ነው፣ ግን ቤዙ የት ገባ?" አንዱ መኪናው ውስጥ፣ አንዱ በኢርፎን ሰምቶ ነው። እኛ ክፍል ሲሰማ ግን ቤዙ ሞልቶ ይፈሳል፣ እንዲያውም እኔ ነኝ በየሥራው እየቀነስኩ የምልከው። እውነቱን ለመናገር ለደንበኞቹ ጆሮ አዘንኩላቸው። ሦስተኛው ደንበኛ ያንኑ ሲደግም ግን ሆዴ ፈራ።

ዕቃ የሚጠግንልንን ጋሼን ጠራሁት። ዘፈን እንኳን ክፈት አላለኝም። "ቴስተርህን አምጣ" ብቻ፣ ያችን የቮልት መለኪያ። ስፒከሩ ጀርባ ካሉት ሁለት ሽቦዎች ላይ አስያዘው፣ ከኮምፒውተሩ የ200 ኸርዝ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) ለቀቀና ቴስተሩ 2 ቮልት እስኪያሳይ ድረስ ቮልዩሙን አስተካከለ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳይነካ ቶኑን ወደ ወፍራሙ ቤዝ፣ ወደ 60 ኸርዝ አወረደው። 3.2 ቮልት!

"አየህ ልጄ? ቤዙን ማንም አልጨመረውም። አምፕሊፋየሩ ራሱ ጨመረልህ።"

በድምፅ መጠን መለኪያ 4 ዴሲቤል ገደማ ማለት ነው። ስፒከር ጀርባው ላይ 8 ኦም ተብሎ ይጻፍበት እንጂ ኦሙ (ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይወጣል ይወርዳል፤ የእኛው 200 ኸርዝ አካባቢ 4 ኦም ነው፣ 60 ላይ 30 ይደርሳል። ቲዩብ አምፕሊፋየሩ ደግሞ የራሱ የውስጥ ኦም አለው፣ የእኛው 3 ገደማ። ቮልቱን ሁለቱ ይካፈሉታል። የስፒከሩ ኦም ከፍ ባለ ቁጥር የሚደርሰው ድርሻም ይጨምራል። ቲዩብ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፣ ጥሩ ፊድባክ (የወጣውን ከገባው ጋር እያነጻጸረ የሚያርም ዘዴ) ያለው በጣም የተሻለ ነው። የእኛው ግን ፊድባክ የሚባል ነገር አልነካውም።

ጋሼ ከራሱ ዕቃ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር አመጣ። 80 ዋት፣ የውስጥ ኦሙ ከ0.1 በታች። በ200 ኸርዝ 2 ቮልት፣ በ60 ኸርዝም ያው 2 ቮልት። ከዚያ በኋላ ነው ዘፈን የከፈትነው፣ እሱንም የሁለቱን ድምፅ በቴስተር እኩል አድርጎ፣ ምክንያቱም ትንሽ ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል።

የራሴን ሥራ ሰማሁት። ደረቅ። ልክ ደንበኞቹ እንዳሉት። አፌ ላይ "ይሄ ትራንዚስተር ደረቅ ነው" የሚለው ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

አለቃዬ ጋ ገብቼ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፣ ሳቀብኝ፣ ትራንዚስተሩም ተገዛ። ቲዩቡ አሁን እረፍት የምንወጣበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ከሥራ በኋላ እሱን ከፍቼ መስማት አሁንም ደስ ይለኛል። ሦስቱን ሥራዎች ግን እንደገና ሠርቼ ላክኋቸው፣ ያለ ክፍያ።