ቼሎዬን ወደ ባሮክ ዘመን ስመልሰው

ቼሎ እጫወታለሁ፤ ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት፣ ቫዮሊንን የሚመስል ትልቅ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። እንጀራዬ የሚወጣው ከሌላ ሥራ ነው፤ ሙዚቃው ለነፍሴ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ የጀመርኩት ነገር ኔዘርላንድስ ከመጣሁም በኋላ አልለቀቀኝም። እዚህ አገር ደግሞ ቼሎ ይዞ ከጀርመናዊው የባሮክ ዘመን አቀናባሪ ከባኽ ማምለጥ የለም። ፋሲካ ሲቃረብ በየከተማው፣ በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የማቴዎስ ሕማማት የሚባለው ትልቅ ሥራው ይቀርባል። ናርደን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የኔዘርላንድስ ባኽ ማኅበር ከ1922 ጀምሮ ያቀርበዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። እንደኔ ያሉ አማተሮች የሚሰበሰቡባቸውን ቡድኖችማ ማን ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል።

የእኛ ቡድን መሪ አንድ ዓመት ላይ "ዘንድሮ በ415 ነው የምንጫወተው፤ የምትችሉ የአንጀት ክር ግጠሙ፣ የባሮክ ደጋን ያዙ" አለችን። 415 ከዛሬው ዝቅ ያለ የድሮ ቅኝት ነው፤ እመለስበታለሁ። ግማሹ ደስ አለው፣ ግማሹ አጉረመረመ። እኔ ካጉረመረሙት ወገን ነበርኩ። ቼሎዬ ደህና ቼሎ ነው። የብረት ክሮቹ አንዴ ከተቃኙ ሳምንት ይቆያሉ። ምን ጎደለኝ?

ለማያውቅ ሰው ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባኽ የሞተው በ1750 ነው። እሱ የሚያውቀው ቼሎ ከሩቅ ሲታይ ከዛሬው ብዙም አይለይም። ቀረብ ሲሉ ግን ሌላ ዕቃ ነው። ክሩ ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው፤ ወፍራሞቹ ላይ ብቻ ቀጭን ሽቦ ይጠመጠማል። አንገቱ እንደ ዛሬው ወደ ኋላ አልተቀለሰም፣ በርኩማው (ክሮቹን ደግፎ የሚያቆመው እንጨት) ላይ የሚያርፈውም ጫና ያንሳል። ከሥሩ የሚወጣው የብረት እግር የለም፤ ቼሎውን በሁለት ባትህ መሀል አጥብቀህ ነው የምትይዘው። ደጋኑ ቀለል ያለና ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው። በኋላ አዳራሹ ሰፋ፣ ኦርኬስትራው በዛ፣ መሣሪያውም ጮክ እንዲል ተፈለገ። የድሮ ቫዮሊንና ቼሎዎች ሆዳቸው እየተከፈተ ውስጣቸው ያለው ደጋፊ እንጨት ወፈረ፣ አንገታቸውም ተቀየረ። የዝነኛው ጣሊያናዊ መሣሪያ ሠሪ የስትራዲቫሪ ሥራዎች እንኳ አብዛኞቹ ከዚህ ቀዶ ጥገና አላመለጡም። ስለዚህ "የ1700 ስትራዲቫሪ" ሲባል የምትሰማው ግማሹን የኋላ ሰዎች ሥራ ነው።

ሁሉን ባንዴ ልቀይር ብል ኪሴም አይችል። መሣሪያዬን የሚጠግኑልኝ ሽማግሌ "ክሩን ለጊዜው ተወው፣ መጀመሪያ ደጋን ተከራይ" አሉኝ። በዚህ ሁሉ ጉዞ ካገኘሁት ምክር የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። እስካሁን ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ሰው ስለ ድሮ መሣሪያ ሲያወራ ክር ክር ይላል። ትልቁ ለውጥ ያለው ግን ቀኝ እጅ ላይ ነው።

ዛሬ የምንይዘውን የደጋን ቅርጽ ያጸናው ፍራንሷ ቱርት የተባለ የፓሪስ ሰው ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ። እንጨቱ ክሩን ወደሚነካው የፈረስ ጭራ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው፤ ጫፉም ክብደት አለው። ከእጀታው እስከ ጫፍ ድረስ እኩል ጉልበት እንዲሰጥ ሆኖ ነው የተሠራው። አንድ ረጅም ድምፅ ሳይነቃነቅ ከዳር እስከ ዳር መሳብ ትችላለህ። የባሮኩ ደጋን ይህን አያደርግልህም። ጫፉ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ ወደዚያ ስትደርስ ድምፁ በራሱ ይሳሳል። መነሻውም ድንገተኛ አይደለም፤ ጭራው ክሩን ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ድምፁ እጄ ላይ እየሞተ አስቸገረኝ። አጥብቄ ስጫን ይባስ ይንጫጫል። በኋላ መጫኑን ተውኩና ደጋኑ የሚሄድበትን መከተል ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በዘመናዊው ደጋን ባኽን ስጫወት ለካ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፤ ሁሉም ቦታ እኩል ለስላሳ፣ አንድም እጥፋት የሌለው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ባኽ ለብቸኛ ቼሎ ስድስት ስዊቶች (የዳንስ ቁራጮች ስብስቦች) ጽፏል፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያው ስዊት ፕሬሉድ፣ ማለትም መክፈቻው፣ አለ፣ በጂ ሜጀር። አጀማመሩ ባዶው የጂ ክር፣ ቀጥሎ ባዶው ዲ፣ ከዚያ ላይኛው ክር ላይ ቢ ነው። ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ቢ፣ ዲ እያለ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ባር ውስጥ ቅርጹ ሁለት ጊዜ ይደገማል። በብረት ክርና በዘመናዊ ደጋን አስራ ስድስቱም ኖታ እኩል ሆኖ ይወጣል፤ ይፈሳል፣ ያምራል። በባሮኩ ደጋን ግን መጀመሪያው ጂ ላይ ክብደት ትጥላለህ፤ የቀረው ቀላል ሆኖ ይከተላል። ጂውን ብትለቀውም መደወሉን አያቆምም። አሁን ልብ በሉ፣ ያ የታችኛው ጂ አራት ባር ሙሉ ከቦታው አይነቃነቅም። ከላይ ያለው ድምፅ ነው ከቢ ወደ ሲ ወጥቶ የሚመለሰው። አንድ ቼሎ ሁለት ሰው ይሆናል፤ አንዱ ታች ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ላይ ያወራል። ይህን ስንት ዘመን የተጫወትኩት ቁራጭ ነው፣ የታችኛውን ሰውዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ኖታውም ላይ ነገር መጣ። ባኽ እነዚህን ስድስት ስዊቶች በገዛ እጁ የጻፈበት ወረቀት ጠፍቷል። ዋናው መተማመኛችን ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው። እሷ ደግሞ የትኞቹ ኖታዎች በአንድ ደጋን እንደሚታሰሩ ያሰመረችው በጥድፊያ ነው፤ መስመሩ የቱ ላይ ጀምሮ የቱ ላይ እንደሚያበቃ ብዙ ቦታ ግልጽ አይደለም። በኋላ የመጡ አሳታሚዎች ክፍተቱን በራሳቸው ረጃጅም ቅስቶች ሞሉት። እኔ የተማርኩበት እትም ከእነዚያ አንዱ ነው። በተከራየሁት ደጋን ስሞክረው ግማሹ አልሄድ አለ፤ ቅስቱ ሳያልቅ ደጋኑ ያልቅብሃል፣ ትንፋሽ ያጥርሃል። እርሳስ ይዤ ቅስቶቹን መቆራረጥ ጀመርኩ። ጠንካራው ምት ሲመጣ ደጋኑ ወደ ታች እንዲሳብ፣ ደካማው ላይ እንዲመለስ። ያን ጊዜ አለማንድና ኩራንት የሚባሉት የስዊቱ ክፍሎች የዳንስ ስም የያዙት በከንቱ እንዳልሆነ እግሬ ነገረኝ።

ክሩን የቀየርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የአንጀት ክር ጠባይ አለው፣ አመለኛ ነው። እርጥበት ሲመጣ ይለወጣል፣ ሙቀት ሲመጣም ይለወጣል። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀዝቅዘህ ትገባለህ፣ ማሞቂያው ይበራል፣ ሕዝቡ እርጥብ ካፖርቱን ይዞ ይገባል፣ ቅኝትህ ደህና ሰንብት። በየመሀሉ መቃኘት የሥራው አካል ነው። ላይኛው ክር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይላላጣል፤ ደጋን በሚያርፍበት በኩል ቀጫጭን ፀጉር ያበቅላል። ፀጉሩን ጎትታችሁ እንዳትነቅሉት፤ ክሩን ይዞ ይተረተራል። በጥፍር መቁረጫ ከሥሩ ቆርጦ፣ ለቀረው የክሩ ክፍል በጨርቅ ጫፍ ትንሽ የለውዝ ዘይት ማስነካት ነው። ደጋን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ዘይት አይነካም፤ ከነካ ጭራው ይንሸራተታል።

የእኛ አገር ሰው ይህ አይገርመውም። በገና በደንቡ አስሩም አውታሩ የበግ አንጀት ነው። ዛሬ ናይሎን የሚገጥሙ አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ቅኝት ይይዛል። ሆኖም በገና ደርዳሪ ዘንድ ሄዳችሁ "ናይሎንና አንጀት አንድ ነው" ብትሉ ክርክሩ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ፈረንጆቹም የሚጨቃጨቁት እሱኑ ነው።

ድምፁስ? ያንሳል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ሻከር ያለ ጠርዝ አለው፤ ኖታው ሲጀምር እንደ ተነባቢ የሚሰማ ነገር አለ። ብረት ጫናህን ይሸከምልሃል፤ አንጀት ብዙ ከጫንከው ይዘጋል። በቀላል እጅ ስትነካው ይከፈታል።

415 የሚባለው ነገር ላይ ግን ትንሽ ልናገር። ዛሬ ዓለም የሚቃኝበት ኤ 440 ኸርዝ (ኤ የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው) በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ስብሰባ የተስማሙበት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ነበረው። በጀርመን ብዙ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖች ከዛሬውም ከፍ ብለው ይቃኙ ነበር፤ በፈረንሳይ ደግሞ ከ415 በታች ይወርዱ ነበር። 415 የተመረጠበት ትልቁ ምክንያት ምቾት ነው፤ ከ440 በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ፒያኖ የሚመስለውን የሃርፕሲኮርዱን ቁልፍ አንድ እርምጃ አንሸራትተህ በሁለቱም መጫወት ትችላለህ። እንደ ሃይማኖት የያዙት ሰዎች ያስቁኛል። ጥቅሙ ግን በተግባር ይታያል። ያው ክር ወደ 415 ሲወርድ ውጥረቱ ወደ 11 በመቶ ይቀንሳል፤ ሳጥኑ ይፈታል። ከሁሉ የተደሰቱት ከፍተኛውን ድምፅ የሚዘምሩት የኛ ሶፕራኖዎች ናቸው። ላይኛዎቹ ኖታዎች ላይ ፊታቸው አልቀላም።

ቫይብሬቶውስ (ክሩ ላይ ያለውን ጣት አንቀጥቅጦ ድምፁን ማርገብገቡስ) ያላችሁኝ እንደሆነ፣ "በባሮክ ዘመን ቫይብሬቶ የለም" የሚለው ሕግ ወረቀት ላይ አይጸናም። ጣሊያናዊው ቫዮሊኒስት ጄሚኒያኒ በ1751 ለንደን ላይ ባሳተመው የቫዮሊን መመሪያ በተቻለ መጠን አዘውትሩት ይላል። የሞዛርት አባት ሊዮፖልድ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ባወጣው መጽሐፍ እያንዳንዱ ኖታ ላይ ትኩሳት እንደያዘው ሰው በሚንቀጠቀጡት ላይ ያላግጣል። ካላገጠ እንግዲህ የሚንቀጠቀጡ ነበሩ ማለት ነው። እኔ ያደረግኩት ግራ እጄን ማሳረፍ ነው። ረጅም ኖታ ላይ ሲያስፈልግ አስገባለሁ፣ ሳያስፈልግ እተዋለሁ። በብረት ክር ስጫወት ድምፁ እንዳይደርቅ ብዬ እጄ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንጀቱ ላይ ድምፁ በራሱ ሕይወት ስላለው ያን ያህል አያስፈልግም።

በልምምድ ዕረፍት ላይ የሚነሳ የማያልቅ ክርክር አለ፤ ዘመናዊ ወይስ የድሮ። ለኔ ነገሩን የሚያስተካክልልኝ የአነር ቢልስማ ታሪክ ነው። የሄግ ልጅ ነው፤ በ1960ዎቹ የአምስተርዳሙ ኮንሰርትኸባው ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ቼሎ ነበር፣ በዘመናዊ መሣሪያ። የባኽን ስዊቶች በ1979 በባሮክ ቼሎ ቀዳቸው። በ1992 ደግሞ እንደገና ቀዳቸው፣ አሁን ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ባለው ትልቅ ስትራዲቫሪ። ያ ቼሎ በአንድ ወቅት የሰርቬ ነበር፤ የብረት እግሩን አስለመደ የሚባለው ቤልጂጋዊ። ኦስትሪያዊው ቼሊስትና የኦርኬስትራ መሪ ሃርኖንኩርትም ቢሆን በ1953 የድሮ መሣሪያ ቡድኑን ቪየና ላይ ሲያቋቁም ደመወዙን የሚበላው በቪየና ሲምፎኒ ዘመናዊ ቼሎ እየተጫወተ ነው። መንገዱን የከፈቱት ሰዎች ሁለቱንም ቤት ያውቁ ነበር። አጥር የሠራነው እኛ ነን።

ከፋሲካው ኮንሰርት በኋላ ክሩን ልመልሰው ስል አምስተኛው ስዊት ያዘኝ። ባኽ እዚህ ላይ ላይኛውን የኤ ክር አንድ ድምፅ አውርዶ ጂ ያደርገዋል። ኖታው የተጻፈው ጣትህ የሚያርፍበትን ተከትሎ ነው፤ ዓይንህ የሚያየውና ጆሮህ የሚሰማው በዚያ ክር ላይ ይለያያል። መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል። ግን ሁለት ጂዎች ሲገናኙ፣ አንዱን ስትነካ ሌላው ሳይነካ ይደወላል። ስዊቱ በሲ ማይነር ነውና ጨለማ ነው፤ ያ መደወል ጨለማውን ያወፍረዋል። ብዙ ሰው ሳይወርድ በተለመደው ቅኝት ይጫወተዋል፣ ይቻላልም። እኔ ግን ካሁን በኋላ አይሆንልኝም።

አንድ ቼሎ ላይ ብረትና አንጀት ማፈራረቅ አያዋጣም። የአንጀት ክር ወፍራም ስለሆነ የበርኩማው ጥርብ ሰፋ ማለት አለበት። አዲስ ክር እስኪረጋጋም ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ያገለገለ ርካሽ የፋብሪካ ቼሎ ገዛሁ፣ አንጀት ገጠምኩበት፣ የብረት እግሩን አስወጣሁ። ዋናው ቼሎዬ ብረቱን ይዞ ለብራምስና ለቻይኮቭስኪ ቀረ። እነሱ ላይ አንጀት ይዤ የመግባት ሐሳብ የለኝም፤ ከኋላዬ ትሮምቦን አለ። ባኽን በብረቱ መጫወት ሲያምረኝም የባሮኩን ደጋን ነው የማነሳው፤ ያ ድብልቅ ለማንም ወገን ንጹህ አይደለም፣ ለኔ ግን ይመቸኛል። ደጋኑንም በመጨረሻ ከኪራይ ወደ ግዢ አዛወርኩት።

የቀረኝ ስድስተኛው ስዊት ነው። እሱ የተጻፈው አምስት ክር ላለው መሣሪያ ነው፣ ከላይ የኢ ክር ተጨምሮ። በአራት ክር የሚጫወቱት ባለሙያዎች አውራ ጣታቸውን ክሩ ላይ እየጫኑ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ሞክሬ ትቼዋለሁ። የአምስት ክር ቼሎ ዋጋ ጠይቄ ነበር። ሽማግሌው ቁጥሩን ሲነግሩኝ አመሰግናለሁ ብዬ ክርና የደጋን ሙጫ ብቻ ገዝቼ ወጣሁ።