ዝም ማለት የተማርኩበት ዓመት

ዛሬ ጠዋት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከክፍሉ ጥግ ተነሥቶ የሥዕል ካርዶች የሚለጠፉበትን ደብተሩን ከመስቀያው አወረደ፣ የሳሙና አረፋ ሥዕል ያለበትን ካርድ ነቅሎ መጣና መዳፌ ላይ አኖረው። «ምን ትፈልጋለህ?» ያለው ሰው አልነበረም። ሰባት ወር የጠበቅሁት ነገር ነውና ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ባጭሩ ልለፋቸው። በክፍሌ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ሦስት ሕፃናት አሉ። ሲጎተት የሚረብሻቸውን ድምፅ ለመቀነስ የወንበሮቹን እግሮች በጨርቅ ጠቀለልን። ዳውን ሲንድረም ያለባትን ልጅ ከፊት አስቀመጥኳት፤ እንደ እርሷ ያሉ ብዙ ልጆች የመስማት ችግርም ስለሚኖርባቸው ከሚሰሙት ይልቅ በሚያዩት የተሻለ ይማራሉ። የቀኑን መርሐ ግብር በሥዕል ደርድረን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እነዚህ ቶሎ ፍሬ አፈሩ።

የፈተነኝ ግን ዛሬ ጠዋት ካርዱን የሰጠኝ ልጅ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ የሚናገራቸው ቃላት ከሁለት አይበልጡም። አንዲ ቦንዲ እና ሎሪ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1985 ያዘጋጁትን፣ ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል ሰጥቶ ነገሩን የሚቀበልበትን ፔክስ የተባለ ዘዴ ጀመርኩ። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እጄን ዘርግቼ «ምን ትፈልጋለህ?» እላለሁ፤ ይሰጠኛል። ሁለት ወር እንዲህ ሄድን። ካልጠየቅሁት ግን አንድም ቀን ካርድ አንሥቶ አያውቅም። ውሃ ጠምቶት ያለቅሳል፣ የውሃው ሥዕል አጠገቡ ነው፣ አይነካውም። ሰነፍ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ይህን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የፔክስን መመሪያ እንደገና ሳነብ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ በቃል መጠየቅም ሆነ ማሳሰብ ጨርሶ አይፈቀድም። እኔ ግን ጥያቄዬን የሥራው አካል አድርጌዋለሁ። ልጁ መመለስን ተማረ እንጂ መጠየቅን አልተማረም።

ረዳቴ ከኋላው ተቀመጠች። እርሱ እጁን ወደ አረፋው ሲዘረጋ ብቻ፣ ቃል ሳትናገር፣ ካርዱን አንሥቶ እንዲሰጠኝ እጁን ትመራለታለች። እኔ ካርዱ እንደደረሰኝ «አረፋ!» ብዬ ወዲያው እነፋለሁ። ከቀን ወደ ቀን ድጋፏ ከእጁ አንጓ ወደ ክርኑ፣ ከክርኑ ወደ ትከሻው እየራቀ ሄደ፤ በመጨረሻም ቀረ። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነበር። በመናገር የኖረ አስተማሪ አፉን ይዞ መጠበቅ ሲጀምር አሥር ሴኮንድ ምን ያህል እንደሚረዝም ያኔ ገባኝ። ቀጥሎ አንድ እርምጃ ራቅሁ። ልጁ ካርዱን እኔ ተቀምጬበት በነበረው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ሰው ጋር መሄድ እንዳለበት እስኪረዳ ሌላ አምስት ሳምንት ፈጀ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በመካከሉ ካርዶቹን መበተን ሲያበዛ ደብተሩን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬ በልምምድ ሰዓት ብቻ አወርድለት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንደበቱን ቆልፌበታለሁ። እባካችሁ ደብተሩ ቀኑን ሙሉ የልጁ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ለቅጣት ብላችሁም አትውሰዱት።

ሥዕል ልጁን ከመናገር ያሳንፈዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አልቀበለውም። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን የገመገሙ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ጉዳት አላገኙም፤ ንግግራቸው የጨመረ ልጆችም አሉ። ለወላጆቹ ግን ይናገራል ብዬ ቃል አልገባሁም፤ እናንተም አትግቡ። «መጀመሪያ ዐይኔን እይ» ብሎ የጠየቀውን ነገር መከልከልንም እቃወማለሁ። ልጁ ጠይቋል፤ ይሰጠው። እስከ ዓርብ የሚጠራቀም የኮከብ ሽልማትም ነገን ገና ላልተረዳ ሕፃን ምንም አይነግረውም፤ እኔ ትቼዋለሁ።

አሁን ያለነው ሥዕሎችን በመለየቱ ላይ ነው። የሚወደውን አረፋ ከማይፈልገው ካልሲ ጋር አስቀምጬ ስፈትነው አሁንም ብዙ ጊዜ ለእጁ ቅርብ የሆነውን ካርድ ያነሣል። ከእኔ በቀር ለሌላ ሰው ካርድ አይሰጥም፤ ይህ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ነገ ከረዳቴ ጋር ቦታ እንቀያየራለን፤ እርሷ ፊት ለፊት፣ እኔ ከኋላው፣ ቃል ሳልተነፍስ።