የሚታጠብ ሞዴስ የሚሰጣው የት ነው?

ወደሚታጠብ ሞዴስ የተሸጋገርሁት ለአካባቢ ጥበቃ አስቤ ሳይሆን ለኪሴ አስቤ ነው። የብር የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወደደ፤ እዚሁ አገር የሚመረተው ሞዴስም ጥሬ ዕቃው በውጭ ምንዛሬ ስለሚገዛ ከጭማሪው አላመለጠም። መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ተመርቶ በሚገባው ሞዴስ ላይ ይጣል የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 ወደ 10 በመቶ ዝቅ ማድረጉ የሚመሰገን ነበር፤ ሱቅ ቆሞ ለሚከፍል ሰው ግን የቀረጡ ቅናሽ በዋጋ ንረቱ ከተዋጠ ቆይቷል። በአንድ የወር አበባ 20 ያህል ሞዴስ የምትጠቀም ሴት በዓመት ከ240 ያላነሰ ገዝታ ትጥላለች። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ይህን በሦስት ያባዛዋል።

የሚታጠብ ሞዴስ ስል እናቶቻችን ከአሮጌ ነጠላ ቀድደው ያጥፉት የነበረውን ጨርቅ ማለቴ አይደለም። ቆዳ የሚነካው የላይኛው ክፍል ጥጥ ወይም ሌላ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ መሐሉ ላይ ፈሳሹን መጥጦ የሚይዝ ድርብርብ ጨርቅ አለ፤ ጀርባው ደግሞ ፈሳሽ እንዳያሳልፍ በስሱ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎቹ በፓንት ሥር ታጥፈው በቁልፍ ስለሚያያዙ ከቦታው አይንሸራተትም። ይህን ሥራ በአገራችን በፋብሪካ ደረጃ ካቋቋሙት መካከል ስማቸው በሰፊው የሚታወቀው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ኬሚካል ምህንድስና ተምረው የሚታጠብ ሞዴስ ነደፉ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. መቀሌ ላይ ማርያም ሰባ የተባለውን ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ2019 ደግሞ ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው። ምርታቸው በደንብ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት እንዲያገለግል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ስለ ሚታጠብ ሞዴስ የሚነገረው ምክር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ዋጋው ይነገራል፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይነገራል፣ ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚያስቀር ይነገራል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ታጥቦ የት እንደሚሰጣ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ከተጠቀምሁበት ወዲህ ዕቃው የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው በእነዚህ በሁለቱ እንደሆነ አምኛለሁ።

አስተጣጠቡ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ምክንያቱም ትኩስ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን አርግቶ ከጨርቁ ጋር ያጣብቀውና እድፉ አልለቅም ይላል። ውሃው ጠርቶ መውረድ ሲጀምር በተራ ሳሙና ታሽቶ ይታጠባል፤ ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ቀርቶ ቆዳ እንዳያሳክክ እንደገና በደንብ ይለቀለቃል። በረኪና ጨርቁንም ፈሳሽ የማያሳልፈውን ልባጥም ያሳሳል። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ የጨርቁን ክሮች ቀብቶ ፈሳሽ እንዳይመጥጡ ስለሚያደርግ ሞዴሱን ከሥራ ያወጣዋል። ዘፍዝፎ ማሳደር ይቻላል፤ ቀናት ካለፉበት ግን ውሃው ይሸታል፣ ተህዋስያንም ይራቡበታል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ፈረቃው ደርሶም ግፊቱ ላይበቃ እንደሚችል የማያውቅ የለም። ለአንድ ቀን ሞዴስ ሦስት ጊዜ መለቅለቂያና ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ያስፈልጋል። ጀሪካን ቆጥሮ በሚኖር ቤት ይህ ውሃ ከእንጀራው፣ ከዕቃ አጠባውና ከልጆች ገላ ጋር ይሻማል። የመጀመሪያውን የልቅላቂ ውሃ ሽንት ቤት ማፍሰሻ አድርጌ እጠቀምበታለሁ፤ እንዲህ ሲሆን የሚባክነው በጣም ትንሽ ነው። ውሃ ከወንዝ ወይም ከቦኖ ቀድታ በጀርባዋ ለምታመጣ ልጅ ግን የሚታጠብ ሞዴስ መስጠት ተጨማሪ የሸክም ሥራ መስጠት ጭምር መሆኑን የሚያከፋፍሉት ድርጅቶች ቢያስቡበት እወድዳለሁ።

ከውሃው ይልቅ ያስቸገረኝ ማስጫው ነው። በአገራችን ብዙ ሴት የወር አበባ ጨርቋን የምታደርቀው ሰው በማያይበት ቦታ ነው፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፎጣ ሥር፣ ከቀሚስ ጀርባ። ድርብርብ ጨርቅ ደግሞ ፀሐይና አየር በሌለበት ቦታ ከላይ የደረቀ መስሎ መሐሉ ርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ርጥበትና ጨለማ ሻጋታና ፈንገስ የሚወዱት ነገር ነው። እንዲህ የዋለውን ጨርቅ መልሳ ያደረገች ሴት ማሳከክና መቁሰል ሲገጥማት ጥፋቱ የሞዴሱ ይመስላታል። እናቴ ገና ስጀምር የሰጠችኝ ምክር አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ታጥቧል አይባልም» አለችኝ። እሷ በልጅነቷ ጨርቋን ከበረት ጀርባ ባለ አጥር ላይ ታሰጣ እንደነበር ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት ስለዚህ ጉዳይ አንስተን አናውቅም።

የእኛ ሕንፃ የልብስ ማስጫ የጋራ ነው። ሞዴሴን እዚያ ማስጣት ስጀምር አንዲት ጎረቤቴ በቅንነት «እህቴ፣ ወንዶች እኮ ያልፋሉ» አለችኝ። የወንዶቹም የውስጥ ሱሪ እዚያው ገመድ ላይ ሲውለበለብ የሚያፍር አላየሁም፤ ታጥቦ የነጻ ጨርቅ እስከሆነ ድረስ የእኔ ከዚያ የሚለይበት ምክንያት አልታየኝም። ሆኖም ጎረቤቴ የተናገረችውን የምትናገረው ብዙ ሴት ናትና፣ ሁሉም ሴት እንደ እኔ በግልጽ ታስጣ ብዬ አልፈርድም። ከአማቷ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር፣ ወይም ከማያውቋት ሰዎች ጋር ግቢ የተጋራች ተከራይ የራሷ ስሌት አላት። ለእንደዚህ ዓይነቷ ስስ ነጠላ ወይም ሻሽ ከላይ ጣል ማድረግ በቂ ነው፤ ፀሐዩና ነፋሱ በስስ ጨርቅ ያልፋሉ፣ በወፍራም ፎጣ ግን አያልፉም።

ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት የተሰጣ ሞዴስ ማታም ሊደርቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለበጋ የሚበቃው ቁጥር ለክረምት አይበቃም። ጥጡን በካውያ ማድረቅ ይረዳል፤ በፕላስቲክ የተለበጠውን ጀርባ ግን ትኩስ ካውያ ያበላሸዋል። እኔ ክረምቱን በአብዛኛው የምወጣው በኩባያ ነው።

የወር አበባ ኩባያ ለሕክምና ዕቃ ከሚውል ሲሊኮን የሚሠራ፣ ታጥፎ ወደ ብልት የሚገባና ውስጥ ሲደርስ ተከፍቶ ፈሳሹን የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ነው። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ አሜሪካዊቷ ሊዮና ቻልመርስ የጎማ ኩባያ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበችው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ታፈስሳለች፤ አንዱ ኩባያ ደግሞ እንደ መጠኑ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል። እስከ 12 ሰዓት ስለሚቆይ ጠዋትና ማታ ማፍሰስ ለብዙዎች ይበቃል። የወር አበባው ሲያበቃ በብረት ድስት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይፈላል፤ በጥንቃቄ ከተያዘ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ውሃ ቆጥሮ ለሚኖር ቤት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ማስጫም አይፈልግ። በመንገድ ላይ የእጅ መታጠቢያ የሌለው ሽንት ቤት ቢገጥም እንኳ ከሃይላንድ ጥቂት ውሃ አፍስሶ እጅንና ኩባያውን አጥቦ መመለስ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኩባያ ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ይህን የማይናገር ሻጭ ሲገጥመኝ ቅር ይለኛል። ሉፕ (ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ያስገባች ሴት ኩባያው ሲወጣ ሉፑን አብሮ ሊስበው ስለሚችል ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር አለባት። በሶማሌና በአፋር አካባቢ በስፋት የነበረው ብልትን የመስፋት ግርዛት የተፈጸመባት ሴት ልትጠቀምበት መሞከሯ ሕመም እንጂ ጥቅም አይሰጣትም። ያላገቡ ልጃገረዶች የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ደግሞ የድንግልና ጉዳይ ነው። ኩባያ ሲገባ የድንግልና ስስ ሥጋውን ሊለጥጠው ወይም ሊቀድደው ይችላል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን የዚያ ሥጋ ሁኔታ ሴቲቱ ከወንድ ጋር መድረስ አለመድረሷን አያሳይም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ እንዲቀር የጠየቀው የሕክምና መሠረት ስለሌለው ጭምር ነው። ልጅቱ የምትኖርበት ቤተሰብ ይህን የማይቀበል ከሆነ ግን የሚታጠበው ሞዴስ ይሻላታል፤ ሳይንሱ ትክክል ነው ተብሎ መከራውን እሷ ልትቀበል አይገባም።

አሁን ቤት ውስጥ ስሆን በበጋ የሚታጠብ ሞዴስ፣ ለመስክ ሥራና ለክረምት ኩባያ እጠቀማለሁ። ውሃ ለብዙ ቀን ሲጠፋ የሚጣለውንም እገዛለሁ። ለመጀመር የምታስብ እህት ካለች በአንድ ጊዜ ሙሉውን ከመግዛት ሁለት ወይም ሦስት ሞዴስ ገዝታ፣ ደሙ በሚቀንስባቸው የመጨረሻ ቀናት ቤቷ ሆና ትሞክረው። ከመግዛቷ በፊት ደግሞ ግቢው ውስጥ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው የትኛው ቦታ እንደሆነ ታጣራ።