ሞተሩ አጠገብ

ስለ ደቅ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የናፍጣ ሽታ ነው። የጣና ሽታ ቢሆን ያምር ነበር፣ ግን እውነቱ እሱ ነው። ከባህር ዳር ስንሳፈር እናቴ ይሞቃችኋል ብላ ሞተሩ አጠገብ ታስቀምጠናለች፣ ወንድሜ ሳያስመልሰው ደርሶ አያውቅም፣ እኔ ደግሞ ጉማሬ አያለሁ ብዬ አንገቴ እስኪጣመም ውሃ ውሃውን ሳይ እውላለሁ፣ የማየው ግን ሁሌ የደንገል ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዝፍ ሰውዬ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ውሃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው። እምዬ፣ የእናቴ እናት፣ ደሴት ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ለሷ ደቅ አገር ነው፣ ባህር ዳር ደግሞ ማዶ። ገና ከጀልባ ሳንወርድ "ማዶ እንዴት ሰነበተ?" ነው የምትለን። ከዛ ክረምቱን ሙሉ የዳጉሳ እንጀራ፣ የበቆሎ እሸት፣ ዕድል ሲቀና የቀረሶ ዓሣ። ጫማ የሚባል ነገር እስከ መስከረም ይረሳል።

አንድ ዓመት አጎቴ ወንድሜን ይዞት ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደ። ዳጋ ሴት አይገባም፣ እኔ ቀረሁ። ማታ ሲመለስ አፉ አላረፈም፣ የአፄ ፋሲልን አፅም በመስታወት ሳጥን አየሁ፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብም አለ፣ አንቺ እኮ መቼም አታይውም እያለ እስካለቅስ ነዘነዘኝ። እምዬ ምንም አላለችም። ጠዋት ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝና እኔን ብቻ ይዛ ናርጋ ሥላሴ ወሰደችኝ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ስንደርስ ግድግዳው ላይ እመቤታችን እግር ሥር የተደፋችውን ሴትዮ በጣቷ አሳየችኝ። "ይችን አየሻት? እቴጌ ምንትዋብ ናት። ይኸን ሁሉ ያሠራችው እሷ ናት። ለወንድምሽ ንገሪው።" (ነገርኩት። "እና ምን ይጠበስ" አለኝ። ዛሬም እንደዛው ነው።)

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዛው ተደፍታ አለች፣ እኔ ግን ለኔ ብላ የቆየች ነበር የመሰለኝ።

እምዬ ካረፈች ቆየ። ቤቱን አጎቴ ይዞታል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣ ብሎ ይደውልልኝና "መቼ ነው የምትመጭው?" ይለኛል፣ እኔም ለፋሲካ እላለሁ፣ ፋሲካ ሲደርስ ለክረምት እላለሁ፣ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ ግን እንባባላለን።

አሁን ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው ወደ ባህር ዳር ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው የሚሸሻት ሞተሩ ላይ ያለችው ቦታ አለች አይደል፣ እዛ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ረዳቱ "እህት፣ ኋላ ባዶ አለ እኮ፣ ሞተሩ ያቃጥልሻል" አለኝ።

"ይሁን፣ ለምጄዋለሁ" አልኩት።